ብርሃኑ በነፃ፣ መቅረዙ በዋጋ

(ስለ ራጅ መሣሪያ ታሪክ በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ ቀበሌ፣ ወይም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ ለሚኖር ሰው ‹‹ራጅ ተነሣሁ›› የሚለው አነጋገር እንግዳ አይደለም። ሳል የጸናበት ሽማግሌ፣ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ወጣት፣ ጆንያ ሲሸከም ወገቡን የታመመ የቡና መጋዘን ሠራተኛ፣ ሁሉም ወደ ሐኪም በሄዱ ጊዜ ይህን ቃል ይሰማሉ። ቃሉ ‹‹ራጂ›› ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ‹‹ጨረሮች›› ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ ታሪኩን ያውቃል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የሰውን ገላ ሳይቀዱ ውስጡን የሚያሳየው ጥበብ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ካገኘውም ሰው እጅ እንዴት በነፃ እንደ ወጣ፣ ከዚያም በኋላ ድኻው በቀላሉ የማይደርስበት የንግድ ዕቃ የሆነበትን ምክንያት እንመረምራለን። ነገሩ የሩቅ አገር ሊቃውንት ታሪክ ብቻ መስሎ ቢታይም መጨረሻው ከደጃችን የሚደርስ ነው።

ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በጨለመ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ አየሩ በወጣለት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስተላልፉ ነበር። ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ ሳለ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ልዩ ቅመም የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ ተመለከቱ። ዓይን የማያየው አንድ ጨረር ከቱቦው ወጥቶ ካርቶኑን በማለፍ ሰሌዳውን እንደሚያበራው ተረዱ። ጨረሩ እንጨትንና ሥጋን ያልፋል፤ አጥንትና እርሳስ ግን ያግዱታል። የሒሳብ ሊቃውንት ያልታወቀውን ነገር ‹‹ኤክስ›› ብለው እንደሚጠሩት ሁሉ፣ ሮንትገንም ጨረሩን የኤክስ ጨረር አሉት። ታኅሣሥ 13 ቀን የባለቤታቸውን እጅ አንሥተው የጣቶቿን አጥንትና ቀለበቷን በሥዕል አዩ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ ስለ ግኝታቸው የጻፉትን ለከተማው የሊቃውንት ማኅበር አስረከቡ።

ዜናው በዓለም እንደ ተሰማ ነጋዴዎች ወደ ሮንትገን መምጣታቸው አልቀረም። አንድ ታላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ መልእክተኛ ልኮ ግኝታቸውን በሕግ አስመዝግበው ለኩባንያው እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን የጊዜው የጀርመን ፕሮፌሰሮች ልማድ እንደ ነበረው፣ ግኝታቸው የሰው ልጅ ሁሉ ነውና በውልና በፈቃድ ሊታሰር አይገባውም በማለት እንቢ አሉ። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው የሽልማቱን ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲያቸው አበረከቱ። በ1923 የጀርመን ገንዘብ በረከሰበት ክፉ ዘመን ሲሞቱ፣ ከሮንትገን ቱቦ ብዙ ሰዎች ባለጸጋ ሆነው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከነዚያ መካከል አልነበሩም።

አንባቢ ሆይ፣ 1888 ዓ.ም. የተባለውን ዓመት ልብ በል። ሮንትገን ጨረሩን ካዩ ገና አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በዚያ ዘመቻ ቈስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱን፣ የጦር ሐኪሙ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ተቀብለው በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በአዲሱ ጨረር ፈለጉት። ይህም ጨረሩ ለጦር ቍስለኛ ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ አባቶቻችን ነፃነታቸውን ያስከበሩበት ዓመትና ይህ ጨረር ለዓለም የተሰጠበት ዓመት አንድ ከመሆኑም በላይ፣ የጨረሩ የመጀመሪያ የጦር ሜዳ ታሪክ ከዐድዋ ጋር የተያያዘ ነው።

ለምን ይህን ያህል ፈጠነ? በዚያ ዘመን አውሮፕላን አልነበረም፤ ሬዲዮም አልነበረም። ይሁን እንጂ ለሥራው የሚያስፈልገው የመስተዋት ቱቦና የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል ይገኝ ስለ ነበረ፣ ደግሞም ማንንም ፈቃድ መጠየቅ፣ ለማንም ግብር መክፈል ስለማያሻ፣ ጽሑፉን ያነበበ ሐኪም ሁሉ በማግስቱ ሥራውን ለመጀመር ቻለ። ግኝት በነፃ ሲለቀቅ የቱን ያህል እንደሚሮጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ሁለተኛውን ምስክር ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እናገኛለን። ማሪ ኩሪ ከባለቤታቸው ከፒየር ጋር ራዲየም የተባለውን ማዕድን አጥርቶ የማውጣቱን ዘዴ ለራሳቸው መብት ሳያስመዘግቡ ለዓለም የገለጡ ሊቅ ናቸው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ የቈሰለውን ወታደር መሣሪያው ወዳለበት ከተማ ከማመላለስ ይልቅ መሣሪያውን ወደ ቍስለኛው መውሰድ እንደሚሻል አሰቡ። ስለዚህም ከበጎ አድራጊዎች መኪና እየለመኑ፣ በየመኪናው ላይ የራጅ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭነው፣ ሴቶች ልጆችን አሠልጥነው ወደ ጦሩ ግንባር ላኩ። ወታደሮቹ እነዚህን ወደ 20 የሚጠጉ መኪናዎች ‹‹ትንንሾቹ ኩሪዎች›› ይሏቸው ነበር። መሣሪያው ወደ በሽተኛው ይሂድ ወይስ በሽተኛው ወደ መሣሪያው ይምጣ የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ የተነሣ ሲሆን፣ ወደ ጅማ ስንመለስ እንደ ገና እናገኘዋለን።

ከዚህ ቀጥሎ የታሪኩ መንገድ ይለወጣል። አስቀድሞ ግን ፓተንት የሚባለው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባል። ፓተንት ማለት መንግሥት ከፈጣሪው ጋር የሚገባው ውል ነው። ፈጣሪው ምስጢሩን ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥትም በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ከእርሱ ፈቃድ በቀር ማንም ያንን ፈጠራ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ይከለክልለታል። ዓመቱ ሲያልቅ ፈጠራው የሁሉ ይሆናል። የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ፍትሕ ስለ ሆነ፣ ይህን ሕግ በጅምላ ማውገዝ አይገባም። የሚያሳስበው ግን የተሸጠው ነገር ሰው ካልፈለገ የሚተወው ጌጥ ሳይሆን በሽታን መለያ ብርሃን የሆነ እንደ ሆነ ነው። በሽተኛ ዋጋው እስኪረክስ፣ ዘመኑ እስኪያልፍ ሊቈይ አይችልምና።

ጨረሩ ራሱ የማንም ንብረት ስላልሆነ፣ ባለቤት የተገኘለት በመጀመሪያ ቱቦው ነበር። የቀድሞው ቱቦ ጠባየ ብዙ ነበር፤ አንድ ቀን ጠንካራ፣ አንድ ቀን ደካማ ጨረር ይሰጥ ነበር። በ1913 ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ዊሊያም ኩሊጅ ከተንግስተን የተሠራ ቀጭን ሽቦ በማጋል የሚሠራ አዲስ ቱቦ አወጡ። በዚህ ቱቦ የጨረሩን ብዛትና ኃይል ሐኪሙ እንደ ፈቀደ ሊመጥን ቻለ። በእርግጥ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም በየሆስፒታሉ ያለው የራጅ ቱቦ የዚህ ቱቦ ዘር ነው። ኩባንያው ፈጠራውን በፓተንት ከጠበቀ በኋላ በ1920 የራጅ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ቪክቶር የተባለ ድርጅት በእጁ አገባ። በዚህም አኳኋን መብራቱም መቅረዙም በአንድ ቤት ተሰበሰቡ። ሮንትገን በነፃ የሰጡትን ብርሃን የሚፈልግ ሁሉ ከእንግዲህ ወዲያ ባለ መቅረዙን መለመን ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ነው። ተራው ራጅ የአካልን ጥላ በአንድ ገጽ ላይ ደራርቦ ሲያሳይ፣ ሲቲ ስካን ጨረሩን በአካል ዙሪያ አዙሮ በኮምፒዩተር እያሰላ፣ ድፎ ዳቦ በቢላዋ እንደሚቈረጥ ውስጡን ገጽ በገጽ ይገልጣል። የዚህ አሳብ አንዱ ምንጭ በአፍሪካ ምድር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አለን ኮርማክ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1956 በኬፕ ታውን በሚገኘው በግሩት ስኪር ሆስፒታል ሲያገለግሉ፣ ጨረር በልዩ ልዩ የአካል ክፍል ውስጥ ሲያልፍ የሚደክምበትን መጠን በሒሳብ ማስላት እንደሚቻል አሰቡ። ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በ1963ና በ1964 ስሌቱን ጽፈው ለሕዝብ ገለጡ። ለጊዜው የተመለከተው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኢ ኤም አይ በተባለው፣ የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም በታወቀው ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ወደዚሁ አሳብ በራሳቸው መንገድ ደረሱ። ኩባንያው በ1968 ለፓተንት አመለከተ፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1971ም በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ በሽተኛ ራስ በመሣሪያው ታየ። በ1979 ኮርማክና ሃውንስፊልድ የሕክምናውን ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ለዚህ ሥራ የወጣውን ገንዘብ ኋላ የመረመሩ ሰዎች፣ የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ያወጣው ኩባንያው ካወጣው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አግኝተውታል። ሕዝብ በግብሩ የረዳው ሥራ የኩባንያ ንብረት ሆነ ማለት ነው።

የመሣሪያው ዋጋ በመቶ ሺህ በሚቈጠር ዶላር ስለ ነበረ፣ በአውሮፓና በአሜሪካም እንኳ ስለ ውድነቱ ብዙ ክርክር ተነሣ። ሌሎች ኩባንያዎች ተወዳድረው ሲገቡ ኢ ኤም አይ ፓተንቱን ይዞ በፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ነገር ግን ሙግቱ አላዳነውም፤ አሥሩ ዓመት ሳይሞላ በኪሳራ ምክንያት የምርመራ መሣሪያውን ሥራ ለመተው ተገደደ፤ ገበያውም በጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ። ከዚህም ፓተንት ሁልጊዜ ለፈጣሪው እንደማይጠቅምና ትርፉ ለመሟገቻ የሚበቃ ገንዘብ ላለው እንደሚሆን እንገነዘባለን።

ሦስተኛው ኤም አር አይ የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ በጨረር ፈንታ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በአካላችን ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን እየቀሰቀሰ፣ አንጎልንና ጅማትን የመሰለውን ለስላሳ ክፍል አጥርቶ ያሳያል። ሬይመንድ ዳማዲያን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በዚህ መንገድ ካንሰርን ለመለየት ያሰቡትን ዘዴ በ1974 በፓተንት አስከበሩ። ፖል ላውተርቡር ደግሞ በ1973 ሥዕሉ የሚገኝበትን ዘዴ ሲያወጡ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ‹ወጪውን እንኳ አይመልስም› በሚል አስተያየት ፓተንት ሳያወጣላቸው ቀረ። ላውተርቡር ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር በ2003 ኖቤል ተሸለሙ። ዳማዲያን ግን ከሽልማቱ ቢቀሩም በችሎቱ አሸንፈው ነበር። ኩባንያቸው ጄኔራል ኤሌክትሪክን ከሶ በ1997 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ረታ፤ ወደ 129 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣም ተከፈለው። እንዲህ ያለው ሙግትና ካሣ ሁሉ በመጨረሻ ከመሣሪያው ዋጋ ላይ የሚሰበሰብ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ከፋዩም መሣሪያውን የሚገዛው ሆስፒታል፣ ከእርሱም በኋላ በሽተኛው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጅማ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ለወታደሮቻቸው ሕክምና ያቋቋሙት ነበር። ጠላት ከተባረረ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሆስፒታል ሆኖ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ሲጠራ ቈየ፤ ከዚያም የጅማ ሆስፒታል፣ ዛሬ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተብሏል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ማዕከሉ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የመጨረሻ ተስፋ እንደ ሆነ ይገለጻል። ከበቾ ቦሬ በእግር የሚመጣ በሽተኛ ከቦንጋና ከሚዛን በመኪና ከመጣው ጋር በአንድ ወረፋ ይቀመጣል።

በአሳባችን አንዲት እናት ከጌራ ወረዳ ትምጣ። የራስ ምታቷ ጸንቶ ሐኪሙ ተራው ራጅ የማያሳየውን ለማየት ፈለገ እንበል። መሣሪያው በሥራ ላይ ያለ እንደ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ቱቦው ተቃጥሎ መለዋወጫ እስኪመጣ የቆመ ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ያልተገዛ ከሆነ፣ ልዩነቱ ለእርስዋ ምንም ነው። የጊቤን በረሃ አቋርጣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ መድረስ አለባት። የመሳፈሪያዋን፣ የማደሪያዋን፣ የአስታማሚዋንም ወጪ ጨምራ ስታስበው፣ የምርመራው ዋጋ ከጓሮ ቡናዋ የዓመት ምርት ጋር ይፎካከራል። ብዙው ሰው በዚህን ጊዜ ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል›› ወይም ‹‹አላህ ያውቃል›› ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሽታው ግን አብሮት ይመለሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው እንዲህ ያለውን የምርመራ አገልግሎት በተገቢው እንደማያገኝ ሲገምት ቈይቷል። ይህች እናት ከእነዚያ አንዲቱ ናት።

የቡና አገር ሰው ይህን ነገር ከማንም አስቀድሞ ሊያስተውለው ይችላል። ቡናችንን ለውጭ አገር ስንሸጥ ዋጋው የሚቈረጠው በኒው ዮርክ ገበያ ነው። መሣሪያውን ስንገዛም ዋጋውን የሚቈርጠው ሻጩ ነው። ስንሸጥም ስንገዛም ዋጋ ቈራጩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም ዋጋው አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የመግዣው ገንዘብ አለ፤ ሁለተኛ የየዓመቱ የጥገና ውል አለ፤ ሦስተኛ የሚያልቀው ዕቃ አለ። የሲቲ ስካን ቱቦ እንደ ኩራዝ ክር እየነደደ የሚያልቅ ስለ ሆነ በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ መለወጥ አለበት። የብዙው ኤም አር አይ ማግኔት ደግሞ ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ካልተቀመጠ አይሠራም። መሣሪያውን በስጦታ ያገኘ ሆስፒታል እንኳ እነዚህን ሁለት ዕዳዎች አብሮ ይረከባል።

ምናልባት አንባቢ ‹ታዲያ ጥፋቱ የፓተንት ሕጋችን ነውን?› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ስለ ሆነ፣ በውጭ አገር የተመዘገበ ሁሉ በኢትዮጵያ ውስጥ አያስርም። የኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቍጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገራችን በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምራል። በሰው አካል ላይ የሚደረገው የሕክምናና የምርመራ ዘዴ ግን በፓተንት እንዳይያዝ ይኸው አዋጅ ይከለክላል። እንግዲህ ሕጋችን የሐኪሙን እጅ አላሰረም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሠራው በሌላ አገር ስለ ሆነ፣ በዚያ አገር ያለው ፓተንትና ትርፍ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ተጠቅልሎ ከመርከብ ይወርዳል። ሕጉ በጉምሩክ በር ባይገባም ዋጋው ይገባል።

ከዚህም ሌላ የሃውንስፊልድና የዳማዲያን የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶች ዘመናቸው ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኗል። በውሉ መሠረት ምስጢሩ ተጽፎ ለሁሉ ተገልጧል። ታዲያ ለምን አልረከሰም? ምክንያቱ በየጊዜው በሚጨመረው ማሻሻያ ላይ አዲስ ፓተንት ስለሚወጣና፣ ይልቁንም ፓተንት ያልሆነ ሌላ ቍልፍ ስለ ተገኘ ነው። የዛሬ መሣሪያ ሁሉ በኮምፒዩተር ስለሚታዘዝ፣ ብልሽቱን ለማወቅ የአምራቹ የምስጢር ቃል ያስፈልጋል። ባለሙያው መፍቻና ዕውቀት ይዞ ቢቀርብም መሣሪያው አይከፍትለትም። ፓተንት 20 ዓመት ቢቈይ ያልፋል፤ የምስጢር ቃል ግን ዘመን አልተቈረጠለትም።

ይህ ቅሬታ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ሆስፒታሎች ተመሳሳይ አቤቱታ ስላሰሙ፣ በ2021 የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሕክምና መሣሪያን ለመጠገን ሲባል የኮምፒዩተር ቍልፉን መክፈት እንዲፈቀድ ወሰኑ። የአምራቾች ማኅበራት ያልሠለጠነ ሰው የነካው መሣሪያ በሽተኛን ይጎዳል ብለው ውሳኔውን በፍርድ ቤት ተቃወሙ። ክርክራቸው ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ለዚህ ግን መድኃኒቱ ማሠልጠን እንጂ መቈለፍ አይመስለንም። በ16 አገሮች የሕክምና መሣሪያ መዝገብ ላይ ተደርጎ በ2011 የወጣ ጥናት፣ ከ100 መሣሪያዎች ወደ 40 የሚጠጉት ከሥራ ውጭ ሆነው እንደ ተገኙ ያስረዳል። የቆመ መሣሪያ የከፈልንበት ጨለማ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በተስፋ መቍረጥ የሚዘጋ አይደለም። የሮንትገን መንገድ ፈጽሞ አልጠፋም። በኡጋንዳ፣ በምባራራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኔዘርላንድና ከአሜሪካ ሊቃውንት ጋር በመተባበር በ2022 አንድ አነስተኛ ኤም አር አይ እዚያው ተገጣጥሞ ሠራ። ፈሳሽ ሂሊየም የማያሻው፣ በቋሚ ማግኔት የሚሠራ፣ በተለይም በራሳቸው ውስጥ ውሃ ለሚቋጥርባቸው ሕፃናት የታሰበ ነው። የሥዕሉ ጥራት ከታላላቆቹ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም ንድፉ ለሁሉ ግልጽ ስለ ሆነ፣ የሠሩት ሰዎች ሲበላሽ መጠገን ያውቁበታል። የዓለም የጤና ድርጅትም ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ቀላል፣ ጠንካራና ለመጠገን የሚመች የራጅ መሣሪያ ለገጠር ሆስፒታሎች እንዲዳረስ ሲመክር፣ ከሚያስፈልገው የምርመራ ሥራ አብዛኛው በተራ ራጅና በአልትራሳውንድ እንደሚፈጸም አስረድቷል።

በጅማም ለዚህ ሥራ የሚሆን ዘር አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባዮሜዲካል ምሕንድስና ያስተምራል። እነዚህ ወጣቶች በትምህርት ያገኙት ጥበብ በመሣሪያው በር ላይ እንዳይቀር ከተፈለገ፣ መሣሪያ ሲገዛም ሆነ በስጦታ ሲመጣ ከውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር አለ። የጥገናው መጽሐፍ፣ የምስጢር ቃሉ፣ የመለዋወጫው ዋጋ ለስንት ዓመት እንደሚጸና፣ የአገራችንም ባለሙያ የሚሠለጥንበት ጊዜ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይጠየቅ። ከፊርማ በፊት የጠየቀ ገዢ ጌታ ነው፤ ከፊርማ በኋላ የሚጠይቅ ግን ለማኝ ይሆናል። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሲጠይቅ ድምፁ ትንሽ ቢሆንም፣ ብዙ ሆስፒታሎች በአንድነት ሲገዙ ሻጩ ያደምጣል።

የፈጠራና የስም ባለቤትነት ሕግ ለእኛም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከቡናችን ተምረናል። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ከቈየ በኋላ በ2007 ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ የኢትዮጵያን ባለቤትነት ያከበረ ስምምነት ፈረመ። ያን ጊዜ ሕጉን ዐውቀን በመጠየቃችን ተጠቀምን እንጂ፣ ሕጉን በመራገም ያገኘነው ነገር የለም። ቡናን ለመሸጥ የረዳን ብልሃት መሣሪያን ለመግዛትም ይረዳናል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ቪልሄልም ሮንትገን እንቢ ያሉትን ገንዘብ እናስታውስ። እርሳቸው ያን ቀን ቢሸጡት ኖሮ፣ በናፖሊ ሆስፒታል የተኙት ቍስለኞች ጥይታቸው በዚያ ፍጥነት ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን የአንድ ሰው ቸርነት ብቻውን ለዘላለም አይበቃም። ብርሃኑን በነፃ የሰጠ አንድ ሊቅ ነበር፤ መቅረዙን ዐውቆ የሚገዛ፣ ሲሰበርም የሚጠግን ግን ሕዝብና መንግሥት ሊሆን ይገባል። ይህ በሆነ ጊዜ ከጌራ የመጣችው እናት የጊቤን በረሃ ሳታቋርጥ እዚያው በጅማ ታይታ፣ የራጅ ፖስታዋን በእጅዋ ይዛ፣ በዚያው ቀን ወደ ልጆችዋ ትመለሳለች።